ምዕራፍ ሰባት፦ በፍሬን ዘይት ውስጥ ስለሚያድር አየርና ስለ አወጣጡ

ፈሳሽ ነገር በዕቃ ውስጥ ሲኖር የዕቃውን መልክ የሚይዝ፣ ወደ መሩትም የሚሄድ ገር ፍጥረት መስሎ ይታይ እንጂ፣ በአራቱም ማዕዘን ተዘግቶበት መውጫ ያጣ ጊዜ ግን ጽኑ እልኸኛ ነው፤ ቢጫኑት አይጨመቅም፣ ቢገፉትም አይሸሽም፣ በአንድ ወገን የተቀበለውን ግፊት ሳያጓድልና ሳያዳላ ለሁሉም ወገን ያደርሳል። ይህን ባሕርይ በሥርዐት መርምሮ ሕግ አድርጎ የጻፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1623 በፈረንሳይ አገር ክሌርሞን በተባለች ከተማ የተወለደው ብሌዝ ፓስካል ነው፤ በሒሳብና በተፈጥሮ ምርምር የተራቀቀውን ያህል በነገረ ሃይማኖትም ብዙ የደከመ ሊቅ ሲሆን፣ ስለ ፈሳሾች ሚዛን የጻፈው ድርሳን የታተመው ግን እርሱ ካረፈ በዓመቱ፣ በ1663 ነበር። ሕጉ ከመጽሐፍ ወጥቶ ወደ መኪና ጎማ እስኪገባ ድረስ ደግሞ ከ250 ዓመት በላይ ቆየ።

መኪና በተፈጠረበት ዘመን ፍሬን የሚሠራው በሽቦና በብረት ዘንግ ነበረ። ሽቦም ውሎ አድሮ መርገቡ፣ ዘንግም መጣመሙ፣ መጋጠሚያውንም ዝገት መብላቱ አይቀርምና፣ ሾፌሩ በአንድ እግሩ አንድ ትእዛዝ ሲሰጥ ጎማዎቹ እየተለያዩ ይሰሙት ነበር፤ ግራው ሲይዝ ቀኙ ይሮጣል፣ መኪናውም ከመንገዱ ወደ አንድ ወገን ይጎተታል። በዚህ ፈንታ በቱቦ ውስጥ የታሰረ ፈሳሽ ትእዛዙን ለአራቱም ጎማ እንዲያደርስ አስቦ፣ እ.ኤ.አ. በ1917 በአሜሪካ አገር የፈጠራ መብት ያስመዘገበው ማልኮልም ሎኪድ ነው፤ ወንድሙ አለን በአውሮፕላን ሥራ ስሙ የተጠራው ነው። በ1921 ዱሰንበርግ የተባለው የቅንጡዎች መኪና፣ በ1924 ደግሞ ክራይስለር ይህን ፍሬን በአራቱም ጎማ ላይ አድርገው ለገበያ አወጡ። ሄንሪ ፎርድ ግን በብዙ ነገር ከዘመኑ ቀድሞ ሳለ፣ በዚህ እስከ 1939 ሞዴል ድረስ ከሽቦና ከዘንግ አልለይም ብሎ ቆየ፤ ታላላቅ ሰዎችም አንዳንድ ጊዜ የሚዘገዩት በትንሽ ነገር ነው።

አሁን ነገሩን ቀረብ ብለን በቁጥር እንየው። በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ዲኤክስ እየተባለች የምትጠራውንና ከአባት ወደ ልጅ ስትተላለፍ የኖረችውን ቶዮታ ኮሮላ የመሰለች፣ ፊቷ ዲስክ ኋላዋ ታምቡር የሆነ መኪና በዓይነ ኅሊናችን እናቁም። ሾፌሩ ፔዳሉን በ30 ኪሎ ኃይል ቢረግጥ፣ ፔዳሉ ራሱ ምሳር ነውና ኃይሉን ወደ 5 እጥፍ ያህል አሳድጎ 150 ኪሎ አድርጎ ለማስተር ሲሊንደሩ ያስረክበዋል፤ የማስተሩ ፒስተን ስፋት 3 ካሬ ሳንቲሜትር ቢሆን፣ በቱቦዎቹ ሁሉ ውስጥ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲሜትር ላይ የ50 ኪሎ ግፊት ይሰፍናል፤ የፊት ጎማ ካሊፐር ፒስተን 20 ካሬ ሳንቲሜትር ከሆነም፣ የፍሬኑን ሸራ ወደ ዲስኩ የሚጫነው ኃይል 1,000 ኪሎ ይደርሳል። ከ30 ኪሎ 1,000 ኪሎ መውጣቱ ተአምር አይደለም፤ ዋጋው የሚከፈለው በርቀት ነው፤ የሾፌሩ እግር ብዙ ሳንቲሜትር ሲወርድ ሸራው የሚንቀሳቀሰው ከአንዲት ሚሊሜትር ያነሰ ነው። ማስተሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢገፋ እንኳ የሚያስተላልፈው ዘይት 9 ሴንቲሜትር ኩብ ያህል፣ ማለት ከሁለት የሻይ ማንኪያ እምብዛም የማይበልጥ ነው። በዚህ ጠባብ በጀት ውስጥ ነው አየር የሚገባው።

የአየር ባሕርይ ከዘይት ባሕርይ ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው። ዘይቱ በዚያ በ50 ኪሎ ግፊት ሲጫን ከመቶ አንድ እጅ እንኳ ሳይቀንስ ሲጸና፣ አየር ግን በዚያው ግፊት ከነበረው መጠን ወደ አንድ ኀምሳኛ ይኰማተራል። ስለዚህ 4 ሴንቲሜትር ኩብ አየር በአንድ ጎማ አጠገብ ተጠልሎ ቢገኝ፣ ማስተሩ ከሚያስተላልፈው 9ኙ 4ቱ ያህል ይህን አየር በመጨፍለቅ ብቻ ያልቃል፤ የቀረውም ሸራውን ለማድረስ ያንሳል፤ እግር ይወርዳል፣ ፔዳል ይሰምጣል፣ ጎማ ግን መሄዱን ይቀጥላል። ሾፌሩም ደንግጦ ደጋግሞ ሲረግጥ፣ በእያንዳንዱ ርግጫ መካከል ከፍሬን ዘይቱ ማጠራቀሚያ ጥቂት ዘይት እየተጨመረ ፔዳሉ ከፍ ይልለታል፤ በመጀመሪያው ርግጫ ሰምጦ በሦስተኛው የሚይዝ ፍሬን አየር እንዳለበት የሚመሰክረው ስለዚህ ነው። እንግዲህ አየር በዚህ ስፍራ የሚወቀሰው እንቢተኛ ስለ ሆነ አይደለም፤ ይልቁንም ከመጠን በላይ ታዛዥ ስለ ሆነ ነው።

ወደ ውስጥ የሚገባበት መንገድ ብዙ ነው። ቱቦ ወይም ሲሊንደር ለጥገና በተፈታ ቁጥር ይገባል፤ ጎሚኒው፣ ማለት የላስቲክ ማፈኛው፣ ያረጀ ሲሊንደር ዘይት ሲያንጠባጥብ ይገባል፤ ሸራው እያለቀ ሲሄድ ፒስተኖቹ ወደ ፊት ስለሚወጡና ዘይቱ እነርሱን ተከትሎ ስለሚወርድ፣ ማጠራቀሚያውን ገልጦ የማያይ ባለቤት አንድ ቀን ባዶውን ያገኘዋል፤ ያን ጊዜም ይገባል። ከዚህ የተለየ፣ ይበልጥም የሚያታልል ሌላ ምክንያት አለ፤ እርሱም ውሃ ነው። የፍሬን ዘይት በስሙ ዘይት ይባል እንጂ ከቅባት ወገን አይደለም፤ ከግላይኮል ወገን የሆነ ኬሚካል ነውና እርጥበትን ከአየር ይስባል፣ በላስቲክ ቱቦዎቹ ግድግዳ ሳይቀር ቀስ በቀስ ይጠጣል። በቆርቆሮው ላይ ዶት 3 ተብሎ የተጻፈበት ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይታገሣል፤ ከመቶ 3.7 እጅ ያህል ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት ትዕግሥት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። የዶት 4 ደግሞ አዲሱ 230፣ እርጥቡ 155 ነው። እነዚህም ቁጥሮች የተለኩት በባሕር ወለል ግፊት ስለ ሆነ፣ በደጋ አገር የሚነዳ ሰው ከእነርሱም ላይ ጥቂት መቀነስ ይገባዋል።

ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደ ሆነ፣ ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ መኪና ሾፌር በእግሩ ሊያውቀው ይችላል። ከ1,000 ሜትር የሚበልጠውን ያንን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ በመውረድ ፈንታ እግሩን ከፍሬን ሳያነሣ ቢወርድ፣ ከዲስኩ የሚነሣው ትኩሳት በሸራው አልፎ ወደ ካሊፐሩ ይገባና ያረጀውን ዘይት ያፈላዋል፤ እንፋሎቱም የአየርን ጠባይ ይዞ ፔዳሉን ያሰምጠዋል። መኪናው ቆሞ ሲበርድ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፣ ፔዳሉም ምንም እንዳልሆነ ይጠነክራል። ስለዚህ ሲግል ጠፍቶ ሲበርድ የሚመለስ ፍሬን መድኃኒቱ ዘይቱን በሙሉ መለወጥ ሲሆን፣ ጧት ከቤት ሲወጡም ማታ ሲመለሱም እኩል የሚሰምጠው ግን በውስጡ እውነተኛ አየር አለበት። ሁለቱን ሳይለዩ ወደ ሥራ መግባት ሕመሙን ሳይጠይቁ መድኃኒት ማዘዝ ነው።

አየር ማስወጣት በጋራዥ ብቻ የሚሠራ ረቂቅ ጥበብ አይደለም፤ ጠንቃቃ ሰው በግቢው ውስጥ ከአንድ ረዳት ጋር ሊፈጽመው ይችላል። ሆኖም የራሱን መኪና ጎማ ፈትቶ የማያውቅ ሰው ይህን የመጀመሪያ ትምህርቱ ባያደርገው እመክራለሁ፤ የጎማ ቡሎን ማጥበቅን የረሳ ሰው ስሕተቱ በጩኸት ይነገረዋል፣ በፍሬን የተሳሳተ ሰው ግን ስሕተቱን የሚያውቀው መቆም ሲያስፈልገው ነው።

ዘይቱ ክዳኑ ካልተከፈተ ቆርቆሮ የወጣ ይሁን። ካለፈው ዓመት የተረፈችውን ግማሽ ቆርቆሮ ለቁጠባ ብሎ መጨመር፣ በቆርቆሮው ውስጥ ተከማችቶ የቆየውን እርጥበት በገንዘብ የተገዛ ይመስል ወደ ፍሬን ማስገባት ነው። ዓይነቱም በማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈው ይሁን፤ ዶት 3 እና ዶት 4 እርስ በርሳቸው ቢገናኙ አይጣሉም፣ ዶት 5 የተባለው ግን ከሲሊኮን የተሠራ ሌላ ወገን ነውና ከእነርሱ ጋር አይቀላቀልም፤ ዶት 5.1 ደግሞ ስሙ ከእርሱ ጋር ቢቀራረብም ወገኑ ከግላይኮሎቹ ነው። የሞተር ዘይት ወይም ሌላ የማዕድን ዘይት ጠብታ እንኳ እንዳይገባ፤ ጎሚኒዎቹን ሁሉ አሳብጦ ከማስተር እስከ ጎማ ያለውን ያበላሻልና።

ከዚህ ሌላ የሚያስፈልገው፣ ዘይት የሚያሳልፍ፣ ውስጡ የሚታይ ስስ ላስቲክ ቱቦ፣ አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ በየጎማው ሲሊንደር ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ቡሎን የሚፈታ ቁልፍ፣ ክሪክ፣ የብረት ካቫሌቶና ታኮ ነው። ቁልፉ፣ ብዙ ጊዜ 8 ወይም 10 ሚሊሜትር የሚሆነው፣ የቡሎኗን ራስ ዙሪያውን የሚጨብጥ ይሁን እንጂ በሁለት ወገን ብቻ የሚነክስ አይሁን፤ ይህች ቡሎን መካከሏ ቀዳዳ የሆነ ስስ ፍጥረት ናትና ራሷ ቢላጥ ወይም አንገቷ ቢሰበር፣ ለአንዲት ቡሎን ሲባል ሲሊንደሩ በሙሉ ይለወጣል። በተለይ የላስቲክ ቆቧ የወደቀባት እንደ ሆነች፣ የብዙ ክረምት ጭቃ ደርቆ ቀዳዳዋን ደፍኖት ይገኛል፤ ጭቃውን በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት፣ ከሥራው ቀን በፊት ማታውኑ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት በሥሯ ማንጠባጠብ፣ በማግስቱም በመዶሻ ጫፍ ዙሪያዋን በለስላሳው መታ መታ አድርጎ መፍታት እንጂ፣ ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክቶ በጉልበት መጫን አይገባም። መኪናው በደልዳላ ስፍራ ቆሞ፣ መሬት የሚነኩት ጎማዎች በታኮ ታግደው፣ የተነሣው ወገን በካቫሌቶ ይደገፍ፤ በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር ራሱን የሚያስገባ ሰው ሊኖር አይገባም። ታምቡሩ የወለቀ እንደ ሆነም ተመልሶ ሳይገባ ማንም ፔዳሉን አይርገጥ፤ የሚገታቸው የሌለ ፒስተኖች ከሲሊንደራቸው ተስፈንጥረው ይወጣሉ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የሁለት ሰዎች ነው፤ ሥራውንም የሚያሳምረው ወይም የሚያከሽፈው የቁልፉ ጥበብ ሳይሆን የሁለቱ መናበብ ነው። በቅዳሴ ጊዜ ካህኑ ሲል ዲያቆኑ የሚመልሰው፣ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው እንዳይቀድም ተሠርቶ እንደ ተሰጠው ሥርዐት፣ በዚህም ስፍራ ከመኪናው ሥር የተኛው ይናገራል፣ ከመሪው ኋላ የተቀመጠው የታዘዘውን ከፈጸመ በኋላ በቃሉ ይመልሳል፤ ሳይመልስለትም ያኛው እጁን አያንቀሳቅስም። አባት ከሥር ሆኖ ልጁን በፔዳል ላይ ቢያስቀምጥ፣ «ርገጪ» ይላል፤ እርሷም ቀስ ብላ ሁለት ሦስት ጊዜ ረግጣ በመጨረሻው ላይ እግሯን ታጸናና «ይዣለሁ አባዬ» ትላለች። ያን ጊዜ አባት ቡሎኗን ሩብ ዙር ያህል ይፈታል፤ ዘይቱ ከአየሩ ጋር በቱቦው ይወጣል፣ ፔዳሉም ከእግሯ ሥር ይሰምጣል፤ እርሷ ግን ፔዳሉ ወረደብኝ ብላ እግሯን እንዳታነሣ አስቀድሞ ተነግሯታል። አባት ቡሎኗን ከዘጋ በኋላ ብቻ «ልቀቂ» ይላል፤ እርሷም «ለቅቄያለሁ» ትላለች። የዚህ ሁሉ ሥርዐት ምሥጢር ያለው በዚህች መዝጋትና መልቀቅ ቅደም ተከተል ነው፤ ቡሎኗ ሳትዘጋ እግር ቢነሣ፣ ማስተሩ ወደ ኋላ ሲመለስ በከባድ ድካም የወጣውን አየር በዚያው ቀዳዳ ይስበዋልና። የቱቦው ጫፍ በጠርሙሱ ውስጥ ባለ ጥቂት ንጹሕ ዘይት ሥር ተጠልቆ መቀመጥ የሚገባውም ለዚሁ ነው፤ ድንገት ቢሳሳቱ የሚሳበው ዘይት እንጂ አየር እንዳይሆን።

በቱቦው ውስጥ የሚታየውን ልብ ብሎ መመልከት ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። በመጀመሪያ የሚመጣው ከዓመታት የጎሚኒ ፍርፋሪና ከዝገት የተነሣ የጠቆረ፣ ቡና የመሰለ ዘይት ነው፤ በመካከሉ ጣት ጫፍ የሚያህል ባዶ ስፍራ ቱቦውን ለሁለት ከፍሎ ይመጣል፤ እርሱ ትልቁ አየር ነው። ቀጥሎ ከርሱ ያነሱ ሦስት አራት አረፋዎች ተከታትለው ይወጣሉ፤ ከዚያም የሰናፍጭ ፍሬ የማታህል አንዲት አረፋ በቱቦው ጠርዝ ተለጥፋ ወደ ጠርሙሱ ትሄዳለች፤ በመጨረሻም ከቆርቆሮው እንደ ወጣ ሁሉ ብሩህ የሆነ ቢጫ ዘይት ያለ አንዳች አረፋ ይፈስሳል። ፔዳሉን በችኮላ የሚቀጠቅጥ ረዳት ግን ትልቁን አረፋ ሰባብሮ ወደ ብዙ ጥቃቅን አረፋ ይለውጠዋል፤ ጥቃቅኑም በዘይቱ ውስጥ ተበትኖ ስለሚቀር ዘይቱ እስኪረጋ መጠበቅ ግድ ይሆናል። ባረጀ መኪናም ፔዳሉን እስከ ወለሉ አለማድረስ ይበጃል፤ የማስተሩ ጎሚኒ ለዓመታት ደርሶበት ወደማያውቀው፣ ዝገትና ቆሻሻ ወደ ተከማቸበት ሥፍራ ገብቶ ይቀደዳልና፣ ከፔዳሉ ሥር አንድ የእንጨት ቁራጭ ቢደረግ ጥሩ ነው። በየመካከሉ ማጠራቀሚያው ይታይ፣ ሳይጎድል ይሞላ፤ እዚያ ባዶ የተገኘ እንደ ሆነ ሥራው ሁሉ ከመጀመሪያው ይጀመራል።

የጎማዎቹ ተራ በቀደሙት መኪናዎች ከማስተሩ እጅግ ከሚርቀው ተጀምሮ ወደሚቀርበው ይሄዳል፤ መሪው በግራ ለሆነ መኪና ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት ማለት ነው። ቱቦዎቻቸው በመስቀል፣ ማለት ቀኝ ፊቱ ከግራ ኋላው ጋር የተጣመሩባቸው የፊት ጎማ ነጂ መኪናዎች ግን የየራሳቸው ተራ ስላላቸው የፋብሪካውን መጽሐፍ መከተል ይሻላል።

አራቱም ጎማ ከተፈጸመ በኋላ ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉ ይረገጥ፤ ከፍ ብሎ ሊቆምና ድንጋይ የተረገጠ ያህል ሊጠነክር ይገባዋል። እግሩ ሳይነሣ ሞተሩ ሲነሣ ፔዳሉ ጥቂት ዝቅ ቢል፣ የፍሬን ማገዣው ሥራውን መጀመሩ ነውና አያስደነግጥም። በጽኑ ተይዞ ሳለ ቀስ እያለ ወደ ወለል የሚወርድ ፔዳል ግን፣ በውጭ የሚንጠባጠብ ዘይት ከሌለ፣ የማስተሩ ጎሚኒ ዘይቱን ወደ ኋላ እንደሚያሳልፍ ያስታውቃል፤ ይህን አየር ማስወጣት አይፈውሰውም። በሁለተኛው ርግጫ ጠንካራ የሆነ፣ በመጀመሪያው ግን ረጅም የሆነ ፔዳል ደግሞ ብዙ ጊዜ የኋላ ታምቡር ሸራዎች መጠጋት እንዳለባቸው ነው የሚናገረው። አየሩ በየትም መንገድ አልወጣ ያለ እንደ ሆነ፣ ካሊፐሮቹ ሲገጠሙ ግራና ቀኛቸው እንዳልተለዋወጠ ይታይ፤ አየር ወደ ላይ ይወጣልና የአየር ማስወጫዋ ቡሎን ከካሊፐሩ ራስጌ መሆን ሲገባት ከግርጌው የሆነች እንደ ሆነ፣ አንድ ሊትር ዘይት ቢፈስስ እንኳ አየሩ ከላይ ተቀምጦ ያያል። ይህን ስሕተት ልምድ ባላቸው ሰዎች ላይ ሳይቀር አይቻለሁ፤ የሚታለፈውም ሁለቱ ካሊፐሮች ፍጹም ስለሚመሳሰሉ ነው።

በአዳዲሶቹ መኪናዎች ላይ ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚጠብቅ ኤቢኤስ የሚባል መሣሪያ አለ፤ በውስጡ ብዙ ባልቦላዎችና ትንሽ ፓምፕ ስላሉ፣ አየር ወደዚያ ከገባ በእግር ርግጫ ብቻ ላይወጣ ይችላል፤ በኮምፒዩተር ፓምፑን የሚያስነሣ ባለሙያ ያስፈልገዋልና፣ ማጠራቀሚያው ፈጽሞ የደረቀበት ባለ ኤቢኤስ መኪና በግቢ ከመታገል ይልቅ ተጎትቶ ወደ ጋራዥ ቢሄድ ይሻላል።

መንገድ ላይ ከመውጣት በፊት በግቢው ውስጥ በእግረኛ እርምጃ ፍጥነት ደጋግሞ ማቆም ይገባል። የፈሰሰ ዘይት የመኪና ቀለም ያቃጥላልና ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠብ። በጠርሙሱ ውስጥ የተጠራቀመው አሮጌ ዘይት ደግሞ መርዝ ነው፤ በሃይላንድ ጠርሙስ ሲታይ ለሕፃን ልጅ ሻይ ወይም ለስላሳ መጠጥ ሊመስለው ስለሚችል፣ ሥራው እንዳለቀ ተለጣፊ ወረቀት ተለጥፎበት «የፍሬን ዘይት» ተብሎ ይጻፍበት፣ ልጅ ከማይደርስበትም ይቀመጥና አሮጌ ዘይት ለሚቀበል ጋራዥ ይሰጥ፤ ወደ ፍሳሽ ቦይም ወደ አፈርም አይደፋ። ባለቤቱም ቀኑን በማስታወሻው ይመዝግብ፤ ከ2 ዓመት በኋላ ዘይቱ ጠጥቶ የሚጠብቀው ውሃ አለና።